የመጨረሻው ኪሎ

መርፌው መቶ አርባ ላይ ተንቀጥቅጦ ቀረ፤
ሞተሩ ቢያገሳም እዚያው ተገተረ።
ቲልዴ መሪውን እንደ ባላንጣ አንገት
አንቃ ትጮሃለች፤ መቶ ሃምሳ ነው የእሷ ስለት።
"ምን ጎደለን?" አለች፤ "ምን እንጨምር አለቃዬ?"
እኔ ከግራዋ ነኝ፣ ጌጁ ላይ ዓይኔን ጥዬ፤
"የጎደለ የለም፣ የተረፈ ነው እንጂ" አልኩ።
ይቺን ቃል ያልኩ ለት በራሴ ፈረድኩ።

ሌዜኖን በብርዱ ወር ፀሐይ አያያትም፤
ተራራው ጋርዷት ነው። እኔ ግን አልጠላትም፤
በዚያ ረጅም ጥላ ሮንዲኔን ገልብጠን፣
ሆዷን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣
ዓይናችንን ጨፍነን በጣት እየዳሰስን
የጥፍር ውፍረት ያላት ስርጉድ አገኘን።
ለካ አፍንጫዋን ስትደፋት የኖረች እሷ ነበረች!
ሞላናት። ሦስት ኪሎ ሜትር ያን ለት ከፈለች።

ፕሮፔለር አመል አለው፣ ልክ እንደ በሬ፤
እርምጃው ረጅሙን ብንሰጠው ሞተሩ አማጠ፣
አጭሩን ብንሰጠው በባዶ ሮጠ፤
ዙር ብቻ፣ ጉዞ የለም፣ እንደ ሰካራም ወሬ።
መካከለኛውን ይዘን፣ ቡሎን ፈትተን፣
ሞተሩን ከነበረበት አንድ ጣት ሰቀልን፤
ክንፉ ግማሽ አየር ግማሽ ውሃ ጎረሰ፣
መርፌው ከፍ አለ፤ ግን ቴስታታው ተኮሰ፤
ማቀዝቀዣው ውሃ አጥቶ።
ግማሽ ጣት መለስነው፣ ነፍሱም ተመለሰ።
አፍንጫዋን አብዝተን ብናነሳት ትዘላለች፤
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! የእኔን ወገብ ትወቅጣለች።

ከዚያ ሚዛን መጣ፣ የዓሣ ሻጩ የፊዴሌ፣
የትራውት ቅርፊት ገና ያልለቀቀው።
ምንጣፉን ነቀልን፣ መልህቁን አወጣን፤
የኋላ ወንበሩን ለድመቷ ሰጠን።
ነዳጁን እንደ ሽቶ በብልቃጥ ሰፈርን።
ቲልዴ ፀጉሯን ቆርጣ መጣች፤ "ምን ይመዝናል?" ብላት
"እርጥብ ሲሆን!" አለች፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩባት።
መቶ አርባ ሰባት። ሦስት ቀረ።
የሚነቀል ነገር ግን ወለሉ ላይ አልነበረ።

"ከባድ ሰው ነው" ይለኛል የመንደሩ ሁሉ አንደበት፤
ነገር የማልቸኩል፣ ቃሌ የሚጸና እንደ ግንበኛ መሠረት።
ሃምሳ ዓመት ክብደቴን እንደ ካባ ለበስኩት።
ያን ቀን ፊዴሌ ለቀልድ "ቁም" አለኝ፤ ሚዛኑ ላይ ቆምኩበት፤
ዘጠና አራት ኪሎ።
ከሦስታችን አንድም ሰው አልተነፈሰ።
ቲልዴ የጃኬቷን ዚፕ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፤
ያልተባለው ነገር እንደ ፈሰሰ ዘይት ወለሉን አዳረሰ።

በማግስቱ ማለዳ ቲቫኖ ከሰሜን ነፈሰ።
የተኛ ውሃ ሙጫ ነው፣ ሆዷን ይዞ አይለቅም፤
ሽብሽብ ሲል ግን አየር ይገባዋል፣ አጥብቆ አይጨብጥም።
የምንጠብቀው ቀን ነበር።
ወደቡ ጫፍ ቀረሁ፣ የሩጫ ሰዓት በእጄ።
"አይገቡም?" አላለችም።
"ጉልበቴን አሞኛል" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

መቶ ሃምሳ አንድ!
ፊዴሌ ባርኔጣውን ወደ ሐይቁ ጣለ፤
የቲልዴ ፊት ግን ስትመለስ እንደ ደመና አለ።
"ወደ እኔ ታጋድላለች" አለች፤ "ማዕበል ስትረግጥ ልትገለብጠኝ ነበር፤
ግራዋን የሚይዘው የለም።" ቀና ብላም አላየችኝ።

ባትሪውን አመጣን፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ነው፤
እግሬን ከማሳርፍበት ቦታ በአራት ቡሎን አሰርነው።
ዳዶውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ቁልፍ፣
እስኪጮህ ድረስ፤ ደግሜም አንድ ሩብ።
ባትሪ ደግ ተሳፋሪ ነው። "ጋዝ ቀንሺ" አይላትም፤
መታጠፊያው ላይ ትንፋሹን አይውጥም።

ከዘጠና አራት ሃያ ሁለት ሲነሣ፣
ሰባ ሁለት ኪሎ ተረፈኝ፣ ለማንም የማይበጅ፤
እሱን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ፣
ቀስ ብዬ፣ ሰዓቱን ሳላቆመው በእጄ።